ጋኔት አፋፍ ላይ በግ አልነበረም

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ደጅሽን ሳያንኳኳ ይግባ። እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው፣ የሆባርት ብርድ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያንጠባጥበው ጣሪያሽስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያዝ ያደርጋታል እንጂ ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ገና ሳይነጋ ሥራ ይጀምራል። ድመቷ እንደ ልማዷ ወንበሬን ወርሳለች። እኔም አለሁ። የአውሮፕላኑ ቀበቶ ደረቴ ላይ የተወው ሰንበር ቢጫ ሆኖ እየደበዘዘ ነው።

ፖስታው መወፈሩን አይተሽ የቤቱን ውርስ የላኩልሽ እንዳይመስልሽ። ፊደሌን አሳድጌ፣ የሱፍ ጆንያ ላይ ስም በሚጻፍበት ወፍራም ጥቁር ቀለም ስለምጽፍ አንድ ገጽ ከጥቂት መስመር በላይ አይዝልኝም። እናትሽ "ለማን ነው ማስታወቂያ የምትለጥፈው?" እያለች ታሾፍብኛለች።

ስልክ ብደውል ይቀል ነበር፤ አውቃለሁ። እያነሳሁ መልሼ አስቀምጫለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እንደምለውጥ ስለማውቅ ነው። ስለ ዝናቡ አወራለሁ፣ ስለ ኳሱ አወራለሁ፣ ከዚያ "በይ ደህና ሁኚ" ብዬ እዘጋለሁ። ስንት ዓመት እንዲያ አይደል ያወራነው?

አፍሬያለሁ፣ ልጄ። ይህን ቃል ከአፌ ሰምተሽው የምታውቂ አይመስለኝም። ቀዩን አውሮፕላናችንን መስበሬ አይደለም ያሳፈረኝ፤ ብረት ይሰበራል፣ ይጠገናል። የጓደኛዬ የሜርቭና የበረራ ክበባችን ሰዎች መሳቂያ መሆኔም አይደለም። ያሳፈረኝ ሌላ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። በሕይወትሽ ዋሽተሽ የማታውቂውን ልጅ ያን እሑድ እትዬ ኖላ ወጥ ቤት ውስጥ አስዋሸሁሽ። በውሸቱም ምክንያት እኚያ አሮጊት ቤታቸውን ሊያጡ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ፣ የምታውቂውንም ጭምር፣ ሳላጣምም ልንገርሽ።

ጋኔት አፋፍ ላይ ማረፍ ለእኔ የቤቴን ደጃፍ እንደ መርገጥ ነበር። እንዲያ እያልኩ ስፎክር ነው ያደግሽው። ከባሕሩ በኩል ትመጫለሽ፤ ከፊትሽ ገደል፣ ከገደሉ አናት ጀምራ ሽቅብ የወጣች የሣር ማኮብኮቢያ፣ ከማኮብኮቢያዋ ጫፍ የእትዬ ኖላ አጥርና ግቢ፣ ከግቢው ኋላ ኮረብታ። ገደሉ አፍ ላይ ኖራ የተቀባ በርሜል አለ። ከበርሜሉ በፊት ሐሳብሽን ብትቀይሪ ለሞተሩ ጉልበት ሰጥተሽ በግራ ወደ ባሕሩ ትጠመዘዣለሽ። በርሜሉን ካለፍሽ ግን አለቀ፤ ኮረብታው አፍንጫሽ ላይ ስለሆነ ማረፍ ብቻ ነው ያለሽ። "ከበርሜሉ በፊት ቅንጣት ታህል ከተጠራጠርሽ ተነሺና ሂጂ" ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ጠዋት ነፋሱ ከኮረብታው ወደ ባሕር ይወርዳል፤ የሚያርፈውን ሰው ከፊት መጥቶ ያዝ ያደርገዋል። ረፋዱ ላይ ይገለበጥና ከባሕር ተነስቶ ከኋላ ይገፋል። ያኔ እዚያ አይታረፍም። መገልበጡን የሚናገረው ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ብርቱካንማ የነፋስ ጨርቅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደዚያች ወደ ተረገመች ዶሮ ልምጣ። ከአሮጌ የነዳጅ ቆርቆሮ ቆርጬ የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ቁንጮዋን ቀይ የቀባው ሜርቭ ነው። አፋፉ ላይ ማረፍ ጀምሮ ትቶ የተነሳ ሰው ዶሮዋ አንገቱ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ሌላ ሰው እስኪሸሽ ድረስም ቤቱ ታድራለች። ስንቱን አሳቀችን! የጥርስ ሐኪሙ ሰውዬ እንኳ አንገቱ ላይ ታስራ ቋሊማ ሲበላ አስታውሳለሁ። እኔ አንገት ላይ ውላ አታውቅም። ይህንንም ለማንም መናገር አልረሳም ነበር።

እንግዲህ ያን እሑድ የክበቡ ቁርስ እትዬ ኖላ ጋ ነበር። ዋዜማውን እንደ ደንባችን ተደወለላቸው። እሳቸውም እንደ ደንባቸው በጎቹን ከማኮብኮቢያው አውጥተው ወደ ጎን ግጦሽ አስገቡና በሩን ቀረቀሩ። እኛ መድኃኒታቸውንና ጋዜጣቸውን ከከተማ እናመጣለን፤ እሳቸው እንቁላሉን ከዶሮ ቤታቸው ያወጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲሁ ነው የኖርነው።

ሜርቭና ሌሎቹ ማልደው ሄደው አረፉ። አንቺ በክበቡ ነጭ አውሮፕላን፣ እኔ በቀዩ፣ አብረን ልንነሳ ነበር። ያዘገየሁሽ እኔ ነኝ። "ጭጋጉ ይጥራ" አልኩሽ። አንቺም ሰማዩን አይተሽ፣ እኔን አይተሽ፣ "አባዬ፣ ምን ጭጋግ? ጥርት ብሏል እኮ" አልሽኝ። "የባሕሩን ጭጋግ አንቺ አታውቂውም" ብዬ አፍሽን አስያዝኩሽ። አየሽ? እዚያው ጀምሬያለሁ።

ስንደርስ ረፍዷል። አንቺ ቀደምሽ። ወደ በርሜሉ ስትወርጂ ከኋላ ሆኜ የነጩን ክንፍ እያየሁ "ጎበዝ፣ እንዲያ ነው" እያልኩ ብቻዬን እያወራሁ ነበር። ከዚያ ድንገት አፍንጫሽን አንስተሽ ወደ ባሕሩ ተጠመዘዝሽ። በሬዲዮ "ትቼ እየተነሳሁ ነው" አልሽ፤ ድምፅሽ ዳቦ የሚገዛ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ሜርቭ መቼም አያስችለው። ሱፍ መሸለቻው ጎተራ ኋላ ሆኖ ቋሊማ እየጠበሰ፣ በእጅ ሬዲዮው "ኧረ ዶሮዋ ባለቤት አገኘች! ፈሪ ለእናቱ! እናትሽ ደስ ይበላት!" ብሎ ጮኸ። ከኋላው የሌሎቹ ሳቅ ይሰማል። እዚህ ላይ አባት የሆነ ሰው ዝም ይላል፣ ወይም "ዝም በል አንተ ቀባጣሪ" ይላል። እኔ ምን አልኩ? "ለአንገቷ ልክ አድርጌ ነው የሠራኋት" አልኩ። ልጄን፣ በሁሉም ፊት።

አንቺ አልተቆጣሽም። "አባዬ፣ ጨርቁ ዞሯል። ነፋሱ ከባሕር ነው፣ ከኋላህ ይገፋሃል። ና እንመለስ" አልሽኝ።

እኔም "እያየሁት ነው" አልኩሽ።

ልጄ፣ ይህን ቃል ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እደግመዋለሁ። እያየሁት ነው! ልመለስ ብል ዶሮዋ አንገቴ ላይ ናት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም ባሠለጠንኳት ልጅ ምክር። ያ ነው ያየሁት። በርሜሉ በሥሬ እልም ብሎ ሲያልፍ ያኔ ገባኝ፤ ሣሩ ይሮጣል፣ ጎማው አልነካ አለ፣ ነፋሱ ከኋላዬ እንደ ሰው እጅ ይገፋኛል። መሬት ስነካ ማኮብኮቢያዋ አልቃለች። ፍሬኑን ብረግጠው እርጥብ ሣር ነው፤ ተንሸራተትኩ። አጥሩን ጥሼ፣ የፊት ጎማዬን እዚያው ትቼ፣ የእትዬ ኖላ ዶሮ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ዶሮዋን አልሸከምም ብዬ ዶሮ ቤት ገባሁ። ላባ በላባ ሆንኩ። አንዲት ቀይ ዶሮ የሞተሩ ክዳን ላይ ወጥታ በመስታወቱ እያየችኝ ትሳደባለች።

ሳቂ፣ ግድ የለሽም። እናትሽ ስትሰማ ከሳቋ የተነሳ ተቀምጣለች። የሚያስቀው እዚህ ድረስ ነው።

ሜርቭ የጎን ግጦሹን አቋርጦ፣ በሩን በርግዶ፣ እያለከለከ መጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። "ክሌም! ደህና ነህ? ምን ነካህ አንተ ሰው?" ሲለኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ፤ "በጎች! በጎች ገቡብኝ! እነሱን ለማዳን ብዬ ነው!" አልኩ። ዓይን ያወጣ ውሸት። ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? እኔ ግን ወለምታም አልነበረም፤ እንዳመኑኝ ሳይ ደገምኩት፤ ስንት በግ እንደነበረ ሲጠይቁኝም ጨመርኩበት። ከጎተራው ኋላ ማኮብኮቢያው ስለማይታይ ያየ የለም። በሩን ደግሞ በድንጋጤ ስለበረገዱት ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ የሚያስታውስ ጠፋ። ከላይ ሆኖ ሁሉን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እትዬ ኖላ በጎማ ጫማቸው ደረሱ። መጀመሪያ ደረቴን ዳበሱ፣ እጄን ዳበሱ። ከዚያ "በሩን ቀርቅሬው ነበር እኮ" አሉ። ሜርቭም ክፋት ሳይኖርበት፣ ትከሻቸውን አቅፎ፣ "አይዞዎት እትዬ ኖላ፣ ዕድሜ ነው፤ ሰው ይረሳል" አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው "አየሃቸው ክሌም? በጎቼን አየሃቸው?" አሉኝ። "አየሁ" አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁና አንዲት የሞተች ዶሮ ከፍርስራሹ አንስተው ሄዱ።

አንቺ ወደ ሜዳችን ተመልሰሽ አርፈሽ፣ በመኪና እኔን ልትወስጂ መጣሽ። ወጥ ቤታቸው ተቀምጠናል፣ ሻይ ቀርቧል። "የእኔ ልጅ፣ አንቺ ከላይ ነበርሽ። በጎቼ ማኮብኮቢያው ላይ ነበሩ?" ብለው ጠየቁሽ። አንቺ አላያቸውም፤ እኔን አየሽ። ዕድል ሰጠሽኝ። እኔ ሻዬን ሳማስል፣ የሌለ ስኳር ሳማስል፣ "ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ስለነበረች አላየሁም እማማ ኖላ" አልሽ። ፀሐይዋ ከጀርባሽ እንደነበረች አንቺም እኔም እናውቃለን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

በመንገድ ላይ አንድም ክፉ ቃል አልወጣሽም። "አባዬ፣ ያ ከፊታችን ያለው ሰሌዳ ምን ይላል?" ብቻ አልሽኝ። እኔም "ምን ይላል፣ ወደ ቤት ነዋ፤ መንገዱ ጠፋሽ እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ። አንቺ አልሳቅሽም። በማግስቱ ሆባርት ሄድሽ፤ ከዚያ ወዲህ የምትደውይው ለእናትሽ ነው።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን እነሆ። ወሬው ሜልቦርን ደረሰና የእትዬ ኖላ ልጅ ሮድኒ በመርከብ መጣ። ሰውየው ድሮም "እናቴ ብቻዋን መኖር የለባትም፣ እርሻው ይሸጥ" ይል ነበር፤ እሳቸው "በመቃብሬ ላይ!" ይሉት ነበር። አሁን ማስረጃ አገኘ። በሩን የረሳች እሳቱንም ትረሳለች አለ። የአረጋውያን ቤት ክፍል ተያዘላቸው። ከሁሉ የገረመኝ፣ እሳቸው እሺ አሉ። ሜርቭ ዶሮ ቤቱን ሊሠራላቸው ሄዶ "እንዴት እትዬ ኖላ?" ቢላቸው "ክሌም አይዋሽም፤ አየሁ ካለ አይቷል። እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው የከዳኝ" አሉት።

ይህን ሰምቼም ዝም አልኩ። ልደብቅሽ አልችልም። ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የተሰበረውን የፊት ጎማ ሳገላብጥ ዋልኩ፤ "ለእሳቸውም ቢሆን ይሻላቸዋል፣ ክረምቱ ከባድ ነው" እያልኩ ራሴን ስሸነግል።

ከዚያ እናትሽ መድኃኒታቸውን አድርሳ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "ዛሬ እትዬ ኖላን ማኮብኮቢያው ላይ ጎንበስ ጎንበስ ሲሉ አገኘኋቸው" አለችኝ። "ምን ጠፋብዎት?" ስትላቸው "የበግ በጠጥ" አሏት። "በጎቹ እዚህ ገብተው ከነበረ አንድ እንኳ ጥለው ይሄዱ ነበር። ከታች እስከ ላይ ሄድኩ፤ አንዲት ፍሬ አጣሁ። ዓይኔም ከድቶኛል ማለት ነው" ብለው እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

ገባሽ ልጄ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፣ ያውም ያ ጤነኛ ዓይናቸው እየነገራቸው፣ እሳቸው ግን ከዓይናቸው ይልቅ እኔን አምነው። የራሴን እርጅና አውጥቼ እሳቸው ትከሻ ላይ ጫንኩት፤ እሳቸውም ተቀበሉኝ። እናትሽ ነገሩን ጨርሳ አላፈጠጠችብኝም፣ አልጠየቀችኝም። በጣም ዝም አለች፤ ያ ደግሞ ከእናትሽ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታውቂዋለሽ። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና "ውሰጂኝ" አልኳት። "አንተ አትነዳም?" አለች። "አንቺ ንጂ" አልኳት። ቁልፉን አነሳች።

ስንደርስ ሮድኒ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ሜርቭ ደጅ ላይ ሚስማር ይመታል። ጠራሁት። እትዬ ኖላን ጨምሮ ሦስቱም ባሉበት፣ ሳልቀመጥ፣ "በግ አልነበረም። በሩ ተዘግቶ ነበር። ነፋሱ ዞሮ ሳለ አርፌ ነው የተሰበርኩት። የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሮድኒ "ልጅህስ? ፀሐይ ያዘኝ አላለችም?" አለ። "ልጄ ነፋሱ መዞሩን በሬዲዮ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። በኋላ ያለችውንም ያስባልኳት እኔ ነኝ። እሷን በዚህ አታንሳት" አልኩት።

ሜርቭ መዶሻውን ወረወረው። እኔ ላይ አይደለም፤ ሣሩ ላይ ነው፤ ግን ወረወረው። "አንተ ሰው! እኔ እኮ ነኝ 'አርጅተዋል' ያልኳቸው! በአንተ ውሸት እኔን አፍ አደረግከኝ!" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እስካሁን በደንብ አያናግረኝም። ቢያኮርፍ አይፈረድበትም።

እትዬ ኖላ ተነስተው ወጡ። በመስኮት አየናቸው። ወደ ግጦሹ በር ሄዱ። ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ቀረቀሩት። እንደገና ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ቀረቀሩት። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ከወጥ ቤቱ ይሰማል። ቆሙና እጃቸውን በሩ ላይ እንዳደረጉ ትንሽ ቆዩ። ሲመለሱ ጉንጫቸው ቀልቷል። "ይህን በር ከባሌ ጋር ነው የሰቀልነው። ሳልቀረቅረው አድሬ አላውቅም። አንተ ግን ልታሳብደኝ ነበር ክሌም" አሉኝ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወደ ልጃቸው ዞረው "ሳህኖቼን ከነበሩበት መልስ። ከዚያ ሻንጣህን አዘጋጅ፣ መርከቡ እንዳያመልጥህ" አሉት። ሮድኒ ጋዜጣውን መፍታት ጀመረ።

እንደገና ተቀመጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እሺ፤ በግ ካላየህ ምን አየህ?" አሉኝ።

የመለስኩላቸውን እዚህ አልጽፈውም። አንቺ መኪና ውስጥ ስለ ሰሌዳው ስትጠይቂኝ መልሱን ታውቂው ነበር። ትዝ ካለሽ፣ በየዓመቱ ለበረራ ፈቃዴ ዓይኔን ተመርምሬ ከሐኪም ቤት ስመለስ "ሐኪሙ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ታነባለህ አለኝ" ብዬ እጎርርባችሁ ነበር። ደጉ ሐኪማችን ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ለውጦት አያውቅም፤ አንቺ ገና ትምህርት ቤት ሳለሽ የነበረው ነው፤ ቢጠይቁኝ አሁንም ከላይ እስከ ታች በቃሌ እወጣዋለሁ። በመጪው ሳምንት እናትሽ ሌላ ሐኪም ጋ ትወስደኛለች። እዚያ ያለውን ሰሌዳ አላውቀውም።

እንዳታለቅሺ። እኔ አልቅሻለሁ፣ ይበቃል። ምን እንደሚያስቆጨኝ ልንገርሽ? ማለዳ ባሕሩ ላይ ወጥቼ ሞተሩን ዝቅ ሳደርግ ያለው ጸጥታ ነው። ስምም፣ ዕድሜም፣ የጉልበት ሕመምም እዚያ የለም። ያንን እንዳላጣ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት። ግን ልጄን አፏን አስይዤ፣ አሮጊት ሴት በጠጥ እያስለቀምኩ የምበረው በረራ ቢቀርብኝ ይሻላል።

ስለ ዶሮዋ ደግሞ የክበቡን ውሳኔ ስሚ። ሜርቭ በደንቡ መሠረት ትቶ የተነሳው ሰው ሊወስዳት ይገባል ብሎ ላንቺ ሊልካት አስቦ ነበር። እትዬ ኖላ ሰምተው "አንዷን ዶሮዬን ገድላችሁብኛል፤ ምትኳን አምጡ" አሉና ወሰዷት። በሩ ላይ፣ ከመቀርቀሪያው በላይ ሰቅለዋታል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮዋ ትንኳኳለች። ከእንግዲህ የማንም አንገት ላይ አትውልም። በእውነቱ ያን ቀን ከበርሜሉ በፊት ተነስተሽ መጠምዘዝሽ፣ እኔ አፋፉ ላይ ካረፍኩት ማረፍ ሁሉ የሚበልጥ በረራ ነበር። ያኔ ልልሽ የሚገባኝ ይህን ነበር፤ በሬዲዮ፣ ሁሉም እየሰማ። ሜርቭ ሲያናግረኝ እሱ ፊት እለዋለሁ።

ቀዩ አውሮፕላን በፋሲካ ሰሞን ተጠግኖ ያልቃል ብለውኛል። እዚያው አፋፉ ላይ፣ በእትዬ ኖላ ጎተራ ነው ያለው። ወደ ቤት የሚያመጣው ሰው ያስፈልገዋል። ሥራሽ ከፈቀደልሽ፣ ልብሽም ከፈቀደልሽ፣ ነይልኝ። አንቺ በግራው፣ በአብራሪው ወንበር ትቀመጫለሽ፣ እኔ በቀኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ምንም አልነካም። ጨርቁ ወዴት እንደዞረ አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ እኔም "እሺ ልጄ" እላለሁ።

ነፋሱ ሁልጊዜ ከፊትሽ መጥቶ ያዝ ያድርግሽ። እግዜር ከዓይንሽ ብርሃን አይቀንስብሽ፤ የምትረግጪው መሬት ሁሉ ለስላሳ ይሁንልሽ። እናትሽ ካልሲ ሠርታልሻለች፤ ከዚህ ጋር ትልካለች።

የሚያፍርብሽ ሳይሆን በራሱ ያፈረው፣
አባትሽ